ዝናብ ሲጥል የሚንቀጠቀጥ ካራቫን፤ የካንዴላ ገመድ ራሴ ልቀይር?

የካራቫን እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ2005 ዶጅ ግራንድ ካራቫን አለኝ፤ 3.3 ሊትር፣ ባለ 6 ፒስተን። 168 ሺህ ማይል ሄዷል። ደረቅ ቀን ምንም አይለውም። የዘነበ ጠዋት ግን ቀይ መብራት ላይ ስቆም መሪው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት ያጣል። ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ መኪናችን በርዷት ነው?» አለችኝ።

ቼክ ኢንጅን በርቷል። መለዋወጫ ሱቅ ሄጄ በነፃ አነበቡልኝ፤ ፒ 0305 ይላል። 5ኛው ፒስተን በደንብ እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው አሉኝ። አንድ ጋራዥ ካንዴላዎቹን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) እና ገመዶቻቸውን ለመቀየር 480 ዶላር ጠየቀኝ። ምነው በዛ ብለው «የኋላዎቹ ሦስቱ እጅ አያስገቡም» አለኝ። ዕቃው ግን ሱቅ ውስጥ ሁሉም ተደምሮ 75 ዶላር አካባቢ ነው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ የሜሪላንድ የጭስ ምርመራ አለብኝ። መብራቱ እንደበራ ከሄድኩ እወድቃለሁ።

ጎማና ዘይት ቀይሬ አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ነክቼ አላውቅም። ልሞክረው ወይስ አርፌ ልክፈል?

ጋሼ ካንዴላ፦
እህቴ፣ አትክፈይ። አዲስ አበባ 19 ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። በዝናብ ብቻ የሚያስቸግር ሞተር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። ላስቲኩ በሙቀት ብዛት ይሰነጠቃል። እርጥበት ሲያገኝ እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በስንጥቁ ወጥቶ ብረት ላይ ይዘላል። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ክፈቺና ሞተሩን አስነሺ። በልብስ መተኮሻ ውሃ መርጫ ገመዶቹን በስሱ ረጠብ አድርጊያቸው። ሰማያዊ ብልጭታ ካየሽ እሱ ነው። እጅሽን ብቻ እንዳታስጠጊ፣ ይነዝርሻል።

ኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚልከው) ይሆን ብለሽም አትስጊ። በዚህ ሞተር 5ኛውና 2ኛው ፒስተን አንድ ኮይል ይጋራሉ። ኮይሉ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ 2ኛውም አብሮ ይታመም ነበር።

1፣ 3 እና 5 ከኋላ በመስታወቱ በኩል ናቸው። 2፣ 4 እና 6 ከፊት በራዲያተሩ በኩል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ሁሉንም በአንዴ እንዳትነቅይ! እኔ ጋራዥ የገባሁ ሰሞን ሥራ ያፋጠንኩ መስሎኝ ሁሉንም ነቅዬ የትኛው የት እንደነበር ጠፋኝ። አለቃዬ እስከ ማታ አላናገረኝም። አንዱን ንቀይ፣ ከአዲሶቹ በርዝመት እኩያውን ፈልገሽ ተኪ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ስትነቅይ ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ ይዘሽ መጀመሪያ ጠምዘዝ አድርጊው። ገመዱን የሳበ ሰው ግማሹ እጁ ላይ ይቀራል።

ዳላስ 99፦
ካንዴላውን ስታስገቢ ቁልፍ አትጠቀሚ፣ መጀመሪያ በእጅ ይዙር። ቴስታታው (ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ክዳን) አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላ 480ውን ትናፍቂዋለሽ። የካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተትም 1.27 ሚሊሜትር መሆኑን ለኪ። ለኋላዎቹ እኔ ከሥር ነው የገባሁት።

ጋሼ ካንዴላ፦
ከሥር ካልሽ ክሪክ ብቻውን አምነሽ እንዳትገቢ። ለጀማሪ ከላይ ይሻላል። የዝናብ መጥረጊያውንና ከሥሩ ያለውን ሽፋን ብታወጪ እጅሽ ይገባል።

የካራቫን እናት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ማታ ረጨሁበት። ከኋላ በኩል እንደ ክብሪት ብልጭ ብልጭ ሲል አየሁት።

ቅዳሜ ጀመርኩ። የፊቶቹ 20 ደቂቃ። የኋላዎቹ 4 ሰዓት ተኩል! ባለቤቴ መብራት ይዞልኝ በየአምስት ደቂቃው «እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል። መጥረጊያውን ከነሞተሩ ሳወጣው ከሥሩ የስንት ዓመት ቅጠል በስብሶ የውሃ መውረጃውን ደፍኖታል። ውሃው ሞልቶ የሚንጠባጠበው ለካ ወደ 5ኛው ነው። ቅጠሉን በሾርባ ማንኪያ ዛቅኩት። የ5ኛው ገመድ ጎማ ላይ ፀጉር የመሰለ የተቃጠለ መስመር አለ። ካንዴላውም ነጩ ሸክላው ላይ እንዲሁ። ገመዱን ብቻ ቀይሬ ቢሆን ኖሮ ተመልሼ እገባ ነበር።

ክንዴ ድመት የቧጨረኝ መስሏል። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። መብራቱን ሱቅ ሄጄ አስጠፋሁት። ነገ ለምርመራው ልሂድ?

ጋሼ ካንዴላ፦
ነገ አትሂጂ! ኮዱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ሳይጨርስ ከሄድሽ «ገና አልተዘጋጀም» ብለው ይመልሱሻል። ጥቂት ቀን ከተማ ውስጥም ሃይዌይ ላይም ንጃት፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ሆና ትነሳ።

የካራቫን እናት፦
እሺ ጋሼ። ፍሬድሪክ ከተማ ያለችው እህቴ ከገና ወዲህ ቀርተሽብኛል እያለች ነው። ቅዳሜ በሃይዌይ ሄጄ አያታለሁ።