ራይዘን 5 2600 ላይ አርቲኤክስ 4060 ገባ፤ ፕሮሰሰሩን በትንሽ ወጪ በምን ልቀይር?

ባለ_ቢ450 (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ ራይዘን 5 2600፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ባለ 3200 ዲዲአር4 ራም (8 ጊጋ ሁለት ፍሬ)፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ 1080ፒ ባለ 144 ኸርዝ ስክሪን ነው። የግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1060 ወጥቶ አርቲኤክስ 4060 ገብቷል። ግራፊክሳቸው ከባድ የሆኑ ጌሞች ላይ ለውጡ በደንብ ይታያል። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ዋርዞን ላይ ግን ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) እምብዛም አልጨመረም፣ እየተቆራረጠም ያስቸግራል። ካርዱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ነው የሚሠራው፤ ፕሮሰሰሩም 55 በመቶ ላይ ነው። ታዲያ ማን ነው የያዘው? ራይዘን 5 5500 ይሻላል፣ 5600፣ ወይስ ማዘርቦርዱንም ቀይሮ ኮር አይ3 12100ኤፍ?

ፍሬም_ቆጣሪ፦
የያዘህ ፕሮሰሰሩ ነው። 55 በመቶ የሚለው የ12ቱ ትሬዶች (ፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) አማካይ ስለሆነ አያታልልህ። ጌሙ ዋናውን ሥራ የሚጭነው አንድ ሁለት ትሬድ ላይ ነው፤ እነሱ ጢም ብለው ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ አማካዩ ግማሽ አካባቢ ይላል። ማየት ያለብህ የካርዱን ቁጥር ነው፦ የፍሬም ገደብና ቪ-ሲንክ (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስማማው) ጠፍተው ካርዱ ከ95 በመቶ በታች ከሠራ፣ ሥራ የሚያቀብለው አጥቷል ማለት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጌሙ ውስጥ አንድ ቦታ ቆመህ ፍሬሙን መዝግብ። ሪዞሉሽኑን ወደ 720 አውርደህ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ለካ። 96 የነበረው 98 ከሆነ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው፤ ወደ 140 ከዘለለ የካርዱ ነበር። ዲኤልኤስኤስ (ምስሉን በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ሠርቶ የሚያሳድገው) አብርተህ ለውጥ ካላየህም ምክንያቱ ይኸው ነው፣ እሱም የሚያቀለው የካርዱን ሥራ ነውና።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን ታስክ ማናጀር ገብተህ የራሙን ፍጥነት እይ። 2133 ወይም 2400 ካለ፣ 3200 ብለህ የገዛኸው ራም ተኝቷል፤ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) ውስጥ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ቅንብር) አብራ። 2600 በ3200 አልረጋም ካለ 2933 ላይ አድርገው። ሁለቱ ራሞች ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ማስገቢያ ላይ ይሁኑ። አጠገብ ለአጠገብ ከተሰኩ በአንድ ቻናል ነው የሚሠሩት፣ የመቆራረጡም አንዱ ምክንያት ያ ሊሆን ይችላል።

ካሽ_ይቆጠር፦
5600 ውሰድ። 5500ም 6 ኮር 12 ትሬድ ነው፣ የሰዓት ፍጥነቱም ብዙ አይርቅም (4.2 ጊጋ ኸርዝ በ4.4)፤ ልዩነቱ ያለው ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ላይ ነው። 5600 ኤል3 ካሹ 32 ሜጋ ሲሆን 5500 ግማሹን፣ 16 ሜጋ ነው የያዘው። ጌም ደግሞ ካሽ ይወዳል፤ የሚፈልገውን ካሽ ውስጥ ካላገኘ እስከ ራም ድረስ ይሄዳል፣ ያ መንገድ ሩቅ ነው።

ስሙን ብቻ አይተህ እንዳትሸወድ። ኤክስ የሌለው 5700 ቁጥሩ ከ5600 ይበልጣል እንጂ 8 ኮር ይዞ ካሹ ያው 16 ሜጋ ነው፤ የ5500 ወንድም ነው። 5700ኤክስ ሌላ ነው፣ እሱ 32 አለው።

12100ኤፍ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ከዜሮ ለሚገጣጥም ያስኬዳል። አንተ ግን 4 ኮር ለመግዛት አዲስ ማዘርቦርድ ልትከፍል ነው። ዋርዞን ዓይነቱ ደግሞ ከጀርባ ዲስኮርድና ብራውዘር ሲከፈትበት 4 ኮር ላይ ይታነቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ 4060 የሚጠቀመው 8 የፒሲአይኢ (ካርዱን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው) መስመር ብቻ ነው፤ ቢ450 ደግሞ ፒሲአይኢ 3 ነው። 5600 ፒሲአይኢ 4 ቢችልም ቦርዱ አያሳልፈውም። የሚጎዳህ የካርዱ 8 ጊጋ ሜሞሪ ሞልቶ ትርፉ ወደ ራም ሲፈስ ነው፤ መስመሩ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ስለሚያሳልፍ ፍሬሙ ይንገዳገዳል። መድኃኒቱ ቴክስቸርን አንድ ደረጃ ማውረድ ነው። ለዚህ ብሎ ቢ550 ቦርድ መግዛት አያዋጣም።

ሦስት_ዲ፦
በ5600 አልስማማም። ስክሪኑ 144 ነው፣ የሚጫወተውም ፍሬም የሚቆጠርበት ጌም ነው። 5700ኤክስ3ዲ 96 ሜጋ ካሽ ይዞ እዚያው ቦርድ ላይ ይገባል፤ በተለይ ዝቅተኛው ፍሬም ላይ፣ ማለትም መቆራረጡ ላይ፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ካሽ_ይቆጠር፦
ይታያል፤ ግን ጥያቄው "በትንሽ ወጪ" ነው። ከ5600 ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ካልበለጠ አንተ ልክ ነህ። ከዚያ ካለፈ ትርፉን ገንዘብ ለሚቀጥለው ካርድ ቢያስቀምጠው ይሻላል፤ 4060 ከባድ ጌም ላይ ቀድሞ የሚደክመው ራሱ ነው።

ባለ_ቢ450 (ጠያቂ)፦
720 ላይ ለካሁት፤ 2 ፍሬም ብቻ ጨመረ። እንግዲህ 5600 ነው። ባዮስ ማደስ የግድ ነው? ከ2600 ጋር የመጣው ማቀዝቀዣስ ይበቃል?

ፒን_አቃኚ፦
ማቀዝቀዣው ይበቃል፣ ሁለቱም 65 ዋት ናቸው። ድምፁ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ጌም ላይ 80 ዲግሪ ቢደርስ አትደንግጥ፣ ገደቡ 90 ነው።

ባዮሱን ግን አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይወጣ አድስ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ አንተም ቦርዱ ተቃጠለ ብለህ ታዝናለህ። ቦርዱ ላይ የታተመውን ሙሉ ስምና የእትም ቁጥር አንብብ፣ የአምራቹ ገጽ ላይ የፕሮሰሰር ዝርዝሩን ክፈትና 5600 ከየትኛው ባዮስ ጀምሮ እንደሚሠራ እይ። ፋይሉን በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ ገልብጥና ባዮሱ ውስጥ ባለው ማደሻ ጫን። አንዳንድ ቦርድ መሃል ላይ ሌላ እትም እንድትጭን ይጠይቃል፣ ማስታወሻውን ሳታነብ አትዝለል። እያደሰ ሳለ መብራት ከጠፋ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ዊንዶውስህ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው) በርቶበት ከሆነ ከዚህ ሁሉ በፊት አቁመው፣ የማስመለሻ ቁልፉንም ወረቀት ላይ ጻፈው። ፕሮሰሰር ሲቀየር ኤፍቲፒኤሙ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የቁልፍ ማስቀመጫ) አዲስ ስለሚሆን ዊንዶውስ ቁልፉን ይጠይቃል፤ ያኔ ቁልፉን ካጣኸው ፋይልህ ከውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

ማቀዝቀዣውን ስታነሳ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኤኤም4 (የእነዚህ ራይዘኖች የሶኬት ዓይነት) ላይ ሶኬቱ ፕሮሰሰሩን አጥብቆ አይዘውም። ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው) ደርቆ ከሆነ ወደ ላይ ስትስበው ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ አብሮ ይመጣል፣ ፒኖቹም ይጣመማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ጌም አስኪድና ፔስቱ ይሙቅ፤ አጥፍተህ ገመዱን ንቀል፤ ብሎኖቹን በሰያፍ ተራ በተራ አላላ። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ሳትስብ ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ አዙረው፣ ሲለቅ በእጅህ ይታወቅሃል። አዲሱን ስታስገባ ወርቃማዋን ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገናኝ፤ በራሱ ክብደት ካልገባ አትጫነው። ፔስት አንዲት የአተር ፍሬ የምታክል ይበቃል።

ሲነሳ ስለ ኤፍቲፒኤም ዋይ ወይም ኤን ተጫን የሚል ጽሑፍ ሊመጣ ይችላል፤ ቁልፉን ከያዝክ ዋይ በል። ባዮስ ስታድስ ኤክስኤምፒ ጠፍቷልና መልሰህ አብራው። ሪሳይዘብል ባርንም (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ እንዲደርስበት የሚያደርገውን) አብራ፤ እሱ ሲኤስኤም (የድሮው ዓይነት አነሳስ) እንዲጠፋ ይፈልጋል። ዲስኩ በኤምቢአር (በድሮው አከፋፈል) የተከፈለ ከሆነ ግን ሲኤስኤም እንደጠፋ ዊንዶውስ አይነሳም፤ መጀመሪያ ወደ ጂፒቲ (ወደ አዲሱ አከፋፈል) ቀይረው።