«ጉድ ሃዝባንድሪ» እርባታ ነው እርሻ?

ግራ_ገብ፦ ጤና ይስጥልኝ ቤቶች። የእንግሊዝ የእርሻ መሬት ኪራይ ውል እየተረጎምኩ አንድ መስመር ላይ ተቸክያለሁ። ተከራዩ መሬቱን «በሩልስ ኦፍ ጉድ ሃዝባንድሪ» መሠረት ያለማል ይላል። መዝገበ ቃላቱ ሃዝባንድሪን «እርባታ» ነው የሚለኝ፣ ውሉ ውስጥ ያለው ግን ስንዴና ገብስ ብቻ ነው፣ አንዲት በግ እንኳ የለችም። ምን ብዬ ላስገባው? ነገ ማስረከብ ስላለብኝ በአጭሩ ብትነግሩኝ።

ሳቂታው፦ በአጭሩ አለ፣ ሃሃሃ። አዲስ ነህ መሰለኝ። ሃዝባንድ ባል አይደል? «መልካም ባልነት» በለውና ተገላገል።

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ አንተ ስትቀልድ ሳታውቀው ሥሩን ነካኸው። ቃሉ ከድሮው የኖርስ ቋንቋ፣ ከሰሜን አውሮፓዎቹ ባሕረኞች ከቫይኪንጎች አንደበት ነው የመጣው፣ ሁስቦንዲ። ሁስ ቤት ነው፣ ቦንዲ ደግሞ ይዞታ ያለው ነዋሪ። ግጥም ሲል ባለቤት ማለት ነው እኮ! መጀመሪያ የቤቱ አዛዥ ነበር፣ ቤት ያለው ሰው መሬት ስላለው አራሹም ሃዝባንድ ተባለ፣ የሚስት ባል መሆኑም ከዚያው ከቤት አዛዥነቱ ነው። እኛም «ባለቤቴ» ስንል እኮ ያው ነው። ባል ራሱ ከግዕዙ ባዕል ነው፣ ባዕል ሀብታም፣ ብዕል ሀብት። «ባዕል ወነዳይ» ሲባል ያልሰማ እዚህ ያለ አይመስለኝም።

ሥር_ማሽ፦ መሪጌታ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዋናውን ዘለሉት። ዐረብኛው ባዕል ባልም ነው፣ ያለመስኖ በዝናብ ብቻ የሚበቅል እርሻም ነው! እስከ ዛሬ በዝናብ የሚለማ መሬት ባዕል ይሉታል። ባልና እርሻ በአንድ ቃል፣ እንግሊዝኛው ላይም ባልና እርሻ በአንድ ቃል። ይሄ እንዴት ግጥምጥሞሽ ይሆናል? ቫይኪንጎቹ የዐረብ ብር በገፍ ያግበሰብሱ እንደነበር የታወቀ ነው፣ ከብሩ ጋር ቃሉን ይዘው አልሄዱም ብሎ የሚከራከረኝ ይምጣ።

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ እኔ መጥቻለሁ። ቦንዲ «መኖር» ከሚል የራሳቸው ግሥ የወጣ ነው፣ ዐይኑ ዐ የት ገባ? በዝናብ የሚለማው መሬት ባዕል የተባለው የከነዓኖቹ በኣል የዝናብ ጌታ ነው ስለሚሉ ነው ይባላል። ትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 2 ላይ «ባሌ» ትይኛለሽ እንጂ «በኣሌ» አትይኝም የሚለው ጨዋታ ያለው እዚሁ ላይ ነው። የሴም ቋንቋዎቹ ቃል ሌላ የኖርሱ ሌላ። ከንፈር ስለገጠመ ብቻ ዘመድ አታድርጋቸው።

ሥር_ማሽ፦ ብሩስ?

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ ብሩን ተወው ወንድሜ።

አፈር_ገፊ፦ ኧረ ልጁ የጠየቀው ሌላ ነው። እኔ የተማርኩት ሰብል ነውና ልናገር፣ ክሮፕ ሃዝባንድሪም (የሰብል) አኒማል ሃዝባንድሪም (የእንስሳት) አለ፣ ለከብት ብቻ የተሰጠ ቃል አይደለም። በ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዮሐንስ 15፥1 ላይ አብን ሃዝባንድማን ይለዋል፣ የኛው «ገበሬውም አባቴ ነው» ይላል፣ ነገሩ ወይን ነው በግ አይደለም። 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥9 ላይም ሃዝባንድሪ ያለውን የኛው «እርሻ ናችሁ» ብሎታል። ውሉ ላይ ያለው ሐረግ ደግሞ የሕግ ቃል ነው፣ በ1947 የወጣው የእንግሊዝ የግብርና ሕግ አንቀጽ 11 ጉድ ሃዝባንድሪ ምን እንደሆነ ይዘረዝረዋል፤ የሚታረሰው መሬት ከአረም ንጹሕ ሆኖ ለምነቱ ሳይጓደል መያዝ አለበት፣ ሰብሉ ከበሽታና ከተባይ ይጠበቅ፣ የግጦሹ ሣር በወጉ ይታጨድ ወይ ይጋጥ፣ የታጨደው ምርት እንዳይበላሽ፣ አጥርና ቦይ ይጠገን ዓይነት ነገር። ስለዚህ እርሻም እርባታም አይበቃውም፣ አያያዝ ነው። «በመልካም የእርሻ አያያዝ ደንብ መሠረት» ብትለው የሚያስኬድ ይመስለኛል።

ሳቂታው፦ አያያዝ ካልክማ ባልነቱም ተመልሶ መጣ።

እማማ_ፊደል፦ እርባታን ግን ለምን ታባርሯታላችሁ? ረባ ከግዕዙ ረብሐ ነው፣ አተረፈ፣ ጠቀመ። «የማይረባ» የምንለው ከዚያ ነው። ስንዴስ አይረባም? አንዷ ፍሬ ስንት ፍሬ ትሰጣለች?

አፈር_ገፊ፦ እማማ ሥሩ ልክ ነዎት፣ አጠቃቀሙ ግን ሌላ ነው። ንብ እርባታ፣ ዓሣ እርባታ፣ ዶሮ እርባታ ይባላል፣ ስንዴ እርባታ ያለ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? ለዘር ሲሆን ብዜት ነው፣ የዘር ብዜት።

እማማ_ፊደል፦ አልሰማሁም ማለት አይባልም ማለት አይደለም ልጄ። አንተ ሳትወለድ ፊደል አስቆጥር ነበር።

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ በዚህስ ከእማማ ጋር አልጣላም። ይልቅ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። እንግሊዞቹ ለባርነት የሚሉት ቦንዴጅ ከማሰር የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው፣ የመጣው ግን ከዚያው ከቦንዲ ነው። ባለይዞታ የነበረው ገበሬ፣ ከፈረንሳይ በኩል የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ጭሰኛ ሆነ፣ ቃሉም አብሮት ወረደ። የኛውን ደግሞ እዩት፣ ገብረ ሠራ፣ ገብር አገልጋይ፣ ገባር፣ ግብር፣ ገበሬ። እዚያም እዚህም የሚያርሰው ሰው ስሙ ከሎሌ ስም ጋር ሲጎራበት!

ሥር_ማሽ፦ አሁን እርስዎም ዘመድ ማድረግ ጀመሩ።

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ ጎረቤት አልኩ እንጂ ዘመድ አልኩ? አንብብ እንጂ።

ግራ_ገብ፦ ይቅርታ፣ እንግዲህ «ግብርና» ልበለው?

እማማ_ፊደል፦ ልጄ ግሡ ላይ «ያርሳል» ብለህ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ አረሰ በግዕዝ ሐረሰ ነው፣ በሐመሩ ሐ። የወለደችዋም ሐራስ ናት፣ እሷም በሐመሩ። አራሽና አራስ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ፍሬ ያያሉ።

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ እዚህ ላይ ግን እማማ በጣም አዝናለሁ፣ ሐ ስለተጋሩ ብቻ አንድ ሥር አይሆኑም።

ሥር_ማሽ፦ ይሄ ለብቻው ርዕስ ይከፈትለት፣ እኔ ዐረብኛውን አመጣለሁ።