ጥቆማ፦ ለማህፀን ሳርኮማ ሕክምና ደሴ ላይ ምን ይደረግ? ለየትኛው አገልግሎት አዲስ አበባ ይኬድ?

ከኮምቦልቻ የጠየቁን ወንድማችን፣ ፈጣሪ እናትዎን ይማርልዎ። «ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ) ነው ተብሎ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ የፓቶሎጂ (የዕጢው ናሙና ምርመራ) ውጤቱ ሌዮማዮሳርኮማ (አንዱ የማህፀን ሳርኮማ ካንሰር ዓይነት) ብሎ መጣ፤ ደሴ ትታከም ወይስ አዲስ አበባ ልውሰዳት?» ላሉት ጥያቄ፣ ታላቅ እኅቴን በዚሁ ሕመም ሳስታምም ካየሁትና ሐኪሞቿን እየጠየቅሁ ከተረዳሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ። በእኔ እምነት ገንዘብና አቅም ውስን በሆነበት ቤት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የሚገባው በዋናነት ለሁለት ነገር ነው፤ ለፓቶሎጂው ዳግም ምርመራና ለቀዶ ሕክምናው። የቀረው አብዛኛው ደሴ ላይ ሊሆን ይችላል።

ከፓቶሎጂው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው። ይህ ካንሰር ዘወትር ከምንሰማው ከማህፀን በር ካንሰር የተለየ ነው። የሚነሣው ከማህፀን ጡንቻ ሲሆን፣ ከማህፀን አካል ካንሰሮች መካከል ከ100 አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለሚሆን ልምድ ያለው ፓቶሎጂስትም ደጋግሞ ላያየው ይችላል። በማይክሮስኮፕ የሚታዩት የሴሎቹ መልክ መዛባት፣ የሚከፋፈሉት ሴሎች ብዛትና የዕጢው ሕዋሳት መሞት ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻ የሚያሳይ ካንሰር ያልሆነ ማዮማም አለ። ከዚህም በላይ፣ ከማህፀን የውስጥ ግድግዳ ደጋፊ ሴሎች የሚነሣው ዝግተኛው ሳርኮማ ከዚህኛው ጋር ሊምታታ ይችላል፤ እሱ ግን እንደ ሌትሮዞል ላሉ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ለሚቀንሱ ክኒኖች ምላሽ የሚሰጥ በመሆኑ ሕክምናውም ተስፋውም ሌላ ነው። ስለዚህ የውጤት ወረቀቱን ብቻ ይዘው አይሂዱ። በሰም የተቀመጠውን የዕጢ ናሙና (ብሎኩን) እና በመስታወት ላይ ያሉትን ስላይዶች ከመረመረው ላቦራቶሪ ፈርመው ይረከቡና በጥቁር አንበሳ ወይም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ዳግም እንዲታዩ ይጠይቁ። ለዚህ እናትዎ መንገላታት የለባቸውም፤ ናሙናውን እርስዎ ማድረስ ይችላሉ።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናው ነው። የወጣው ማዮማው ብቻ ከሆነና ማህፀኑ ካለ፣ በሽታው ወደ ሌላ ቦታ አለመሰራጨቱ ታይቶ ማህፀኑ በሙሉ መውጣት ይኖርበታል፤ ይህንንም በማህፀን ካንሰር ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ቢያደርገው እመርጣለሁ። ዕጢው ሳይቆራረጥ እንዳለ መውጣቱ ወሳኝ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ለማዮማ ተብለው ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ሴቶች ከ350 አንዷ ያልታወቀ ሳርኮማ ሊኖርባት እንደሚችል ገምቶ፣ ማህፀንን በሆድ ውስጥ በመሣሪያ እየቆራረጡ ማውጣት ካንሰሩን ሊበትን እንደሚችል አስጠንቅቋል። ስለዚህ የእናትዎ ዕጢ በሙሉ ወጥቶ እንደሆነ ወይስ ተቆራርጦ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ አስወጥተው ያረጋግጡ፤ ቀጣዩ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሌሎች አንባቢዎችም ልብ በሉ፦ አልትራሳውንድ ማዮማን ከሳርኮማ በእርግጠኝነት አይለይም፤ የወር አበባ ካቆመ በኋላ እያደገ የሚሄድ «ማዮማ» ደግሞ ዝም ሊባል አይገባም።

ኬሞቴራፒን በተመለከተ የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍልን እጠቁማለሁ። ለዚህ ሕመም መነሻ የሚሆነው ዶክሶሩቢሲን ነባር መድኃኒት ነው፤ በ21 ቀን አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። ብዙ ቤተሰብ ጄምሲታቢንና ዶሴታክሴል የተባሉትን ሌሎች የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች አዲስና ውድ በመሆናቸው ብቻ የተሻሉ አድርጎ ያስባል፤ ሆኖም በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የብሪታንያና የስዊዘርላንድ ጥናት በተስፋፋ ሳርኮማ ላይ የእነዚህን ጥምር ከዶክሶሩቢሲን ጋር አነጻጽሮ ዶክሶሩቢሲን ብቻውን የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ እንዲቀጥል ደምድሟል። መሬት ሸጦ ውድ መድኃኒት ፍለጋ ከመሄድ በፊት ይህን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት። ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊጎዳ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት የልብ አልትራሳውንድ ይደረግ፤ ሽንት ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀላ አያስደንግጥዎ፤ ትኩሳት ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ መሆኑ የሚጠቅመው በእንዲህ ያለ ሌሊት ነው።

በሽታው በማህፀን ውስጥ ብቻ ተወስኖ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ የሚሰጥ ኬሞቴራፒ ዕድሜ እንደሚያራዝም እስካሁን በጥናት አልተረጋገጠም። ሐኪሙ «እየተከታተልን እንቆይ» ቢልዎት እናትዎን ችላ እንዳለ አይቁጠሩት።

ለጨረር ሲሉ አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ ተራ መጠበቅን ለዚህ የካንሰር ዓይነት በአብዛኛው አልመክርም። በአውሮፓ የተደረገ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ጨረር የሌዮማዮሳርኮማ ሕሙማንን ዕድሜ እንዳላራዘመ አሳይቷል። ሕመም ወይም ደም መፍሰስ ለማስታገስ ከታዘዘ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ስለ ዕድሜ የጠየቁትን በግልጽ ልመልስ። በአሜሪካ መረጃ መሠረት ሌዮማዮሳርኮማ ከማህፀን ሳይወጣ ከተገኘ ከ100 ሴቶች 60 ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሌላ ሩቅ አካል ከተሰራጨ ግን ቁጥሩ ከ20 በታች ይወርዳል። ያ ዝግተኛው ሳርኮማ በመጀመሪያ ደረጃ ከተገኘ ከ90 ይበልጣል፤ ለዳግም ምርመራው ይህን ያህል የወተወትኩትም ለዚህ ነው። ሌዮማዮሳርኮማ በመጀመሪያ ደረጃ ቢታከምም ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ በተለይም ወደ ሳንባ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት በየሦስት ወይም አራት ወሩ ክትትል ያስፈልጋል፤ በዚያ ውስጥ የደረት ሲቲ ስካን እንዳይቀር አጥብቀው ይጠይቁ። ሳንባ ላይ ብቻ የታየ ጥቂት ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችልበት ጊዜ አለና።

ለጉዞው ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በረራ ካገኙና አቅሙ ካለ፣ በቅርቡ ለተቀደደ ሆድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆነው የመኪና መንገድ በእጅጉ ይሻላል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ ያለ ሪፈር ወረቀት አይነሡ፤ ወረቀቱን ከደሴው ሆስፒታል አስቀድመው ያሠሩ። ማረፊያ ከቸገረዎ አዲስ አበባ የሚገኘውን የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ይጠይቁ፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ የካንሰር ሕሙማን ድጋፍ ያደርጋል። የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱን፣ ብሎኩንና የምስሎቹን ሲዲ በአንድ ፌስታል አድርገው እርስዎ ራስዎ ይያዙ፤ ቅጂውም ደሴ ባለው ካርዳቸው ውስጥ ይቀመጥ።