የሌዘር ማሽን በሰው ቆዳ ላይ፦ ይከልከል ወይስ በፈቃድ ይሠራ?

አወያይዋ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
በእንጨትና በቆዳ ቀበቶ ላይ ስም የሚያትሙ አንዳንድ ቤቶች ጥምቀት ሲቃረብ በወጣቶች ክንድ ላይ መስቀልና ስም በሌዘር እያቃጠሉ ማውጣት ጀምረዋል። ከተማ አስተዳደሩ ይህን ሥራ ይከልክለው ወይስ ፈቃድ አውጥቶ ይቆጣጠረው? ሁለቱንም ወገን መስማት እንፈልጋለን።

የቅርጽ ሥራ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦
የምተዳደረው በዚህ ማሽን ነውና የማውቀውን ልናገር። እናቶቻችን አንገታቸውንና ድዳቸውን ሲነቀሱ ነቃሿ በአንድ መርፌ ስንቱን እንደወጋች ማን ይጠይቅ ነበር? በሌዘር ግን ቆዳውን የሚነካ መርፌ የለም፤ ደም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሙቀቱም ተዋሲያንን ይገድላል። ጉልበቱን ወደ አምስት በመቶ ዝቅ አድርጌ በራሴ ክንድ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ በሦስት ሳምንት ድኗል። ደግሞም ሐኪሞች ኪንታሮትና ጠባሳ የሚያነሡበት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ከእኔ ማሽን ጋር አንድ ዓይነት ብርሃን ነው። ብትከለክሉት ሥራው ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ አይቀርም።

ነርስ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ወንድሜ፣ ስለ መርፌው ያነሡት እውነት ነው፤ በጋራ መርፌ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ይተላለፋሉ። ብርሃኑም አንድ መሆኑን አልክድም፤ ሁለቱም የሞገድ ርዝመታቸው 10,600 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ነው። ልዩነቱ ያለው ግን ብርሃኑ በአንድ ቦታ ላይ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ይህን ጨረር በቆዳችን ውስጥ ያለው ውሃ ይመጠዋል፤ የሕክምናው መሣሪያ እያንዳንዱን ምት ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሰጥቶ ስለሚያቆም ሙቀቱ ወደ ጎንና ወደ ታች ሳይዛመት ስስ ሽፋን ብቻ ይነሣል። የእርስዎ ማሽን ግን የተሠራው እንጨት እንዲያከስል ነውና ሙቀቱን እያፈሰሰ ይጓዛል። በክንድ ላይ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሚቃጠለው ጠባሳ የሚሠራው ክፍል ነው።

ባለፈው ዓመት ወደምሠራበት ጣቢያ አንድ የ19 ዓመት ልጅ መጣ። በክንዱ ላይ የአንበሳ ፊት አውጥተውለት ነበር። ቀጥ ያሉት መስመሮች ቀልተው ደርቀዋል፤ ማዕዘኖቹ ግን፣ ጆሮውና የጋማው ጫፎች፣ ጠልቀው መግል ይዘዋል። ምክንያቱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ የማሽኑ ራስ ለመታጠፍ ሲዘገይ በዚያች ነጥብ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ይጨምራል። በእንጨት ላይ ጥቂት ጠቆር ያለች ነጥብ ትሆናለች፤ በልጁ ክንድ ላይ ጉድጓድ ሆነች። ዛሬ ቦታው ላይ እንደ ገመድ ያበጠ ጠባሳ አለው፤ እንዲህ ያለው ጠባሳ ደግሞ ጠቆር ያለ ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ይበዛል።

አምስት በመቶ ያሉትም ዋስትና አይሆንም። የመስታወት ቱቦ ያለው ማሽን በዝቅተኛ ጉልበት ሲሠራ ጨረሩ አንዴ እየጠፋ አንዴ እየበረታ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ክንድም እንደ ጣውላ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ጨረሩ ተሰብስቦ የሚያርፍበት ርቀት ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ልጁም ይተነፍሳል፣ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ክዳኑ ነው። ክንድ ለማስገባት ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሲከፈት ጨረሩን የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ ተቆርጦ ወይም ተሸንግሎ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ በዓይን የማይታየው ጨረር ከአንድ የሚያብረቀርቅ ብረት ቢነጥር የዓይንን ብሌን ይጎዳል፤ ከሚቃጠለው ሥጋ የሚወጣውንም ጢስ በክፍሉ ያለ ሁሉ ይስበዋል።

ብራና ፋቂ፣ ከዲማ አካባቢ፦
ስለ ማሽኑ እውቀት የለኝም፤ ቆዳ ግን አውቃለሁ። የፍየል ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ብራና ከሆነ በኋላም እሳት ሲጠጋው ይኮማተራል። ሕይወት ያለውማ እንዴት ይሆናል?

ነርሷ፦
አባቴ፣ ልክ ነዎት። በእጅ አንጓና በክርን ላይ የደረሰ ጥልቅ ቃጠሎ ሲድን ተኮማትሮ መገጣጠሚያውን ሊይዘው ይችላል።

ከቢቸና የሆነች እህት፦
እናቴ የአንገቷን ንቅሳት ማስጠፋት ትፈልጋለች። ያም ሌዘር ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እሱም ይከልከል ነው የምትሉት?

ነርሷ፦
እህቴ፣ አይደለም። ያ ሌላ ሌዘር ነው። ምቱ በቢሊዮንኛ ሰከንድ የሚቆጠር ሲሆን ቆዳውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ቀለም ይሰባብራል፤ በጥላሸት የተነቀሰ ጥቁር ንቅሳት ብርሃኑን ጥሩ አድርጎ ይመጠዋል። ለእናትሽ ቆዳ የሚመረጠው 1,064 ናኖሜትር የሆነው ነው፤ አጫጭሮቹን ሞገዶች ቆዳችንን የሚያጠቁረው ቀለም፣ ሜላኒን፣ ስለሚመጣቸው ቦታው ሊነጣ ወይም ሊጠቁር ይችላል። በአንድ ቀን አያልቅም፤ በመካከሉ የሳምንታት ዕረፍት እየተደረገ ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፤ የሚሠራውም የቆዳ ሐኪም ባለበት ነው።

የቅርጽ ሥራ ባለሙያው፦
የማዕዘኑን ነገር አልክድም፤ በቆዳ ቦርሳ ላይ ሳይቀር የሚያስቸግረኝ እሱ ነው። ክዳኑንም በተመለከተ ያሉት ትክክል ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ነገ እመልሰዋለሁ። ነገር ግን ሥልጠና ወስዶ፣ ተፈትኖ ለሚሠራ ሰው መንገድ ይከፈትለት የሚለውን አቋሜን አልተውኩም።

ነርሷ፦
ሥልጠናው ሰውየውን ይለውጠዋል እንጂ ማሽኑን አይለውጠውም፤ ስለዚህ በእንጨት ማሽን ለሚሠራ ፈቃድ አይሰጥ የምለውን አልቀይርም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥር እንዲደረግበት ሲደነግግ፣ ቆዳ የሚያቃጥል ማሽን ያለ ምንም ምርመራ መሥራቱ ለእኔ ትክክል አይደለም። እስከዚያው አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ከዚህ በፊት የሠሩላቸው ልጆች ቁስላቸው ካመረቀዘ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኳቸው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ሊያስፈልጋቸው ይችላል። አዲስ የተቃጠለ ካለ ደግሞ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም ሳይቀባ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይያዝለት።

የቅርጽ ሥራ ባለሙያው፦
አራት ልጆች አሉ፤ የሁሉንም ስልክ ይዣለሁ። ዛሬ ማታ እደውልላቸዋለሁ።