ጀሶ የታሰረለት ልጄ ጣቶቹ አብጠዋል፤ እስኪነጋ ልጠብቅ?

የናቲ እናት (ማታ 2:40)
ሰላም ለዚህ ቤት። የ7 ዓመት ልጄ ትናንት ከዘይቱን ዛፍ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ራጅ ተነሳ፤ ሁለቱም አጥንቶች ተሰብረዋል ተባለና ዙሪያውን ጀሶ አስረውለት ወደ ቤት ላኩን። ጠዋት ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ለቅሶው አላቆም አለ። ያዘዙለትን የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ሰጠሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። ጣቶቹም አብጠዋል። አማቴ «ጀሶው ነው የሚያሰቃየው፤ ሲነጋ አስፈትተን ወጌሻ ጋ እንውሰደው፤ አሽቶ በቀርከሃ ያስርለታል» ይላሉ። ባለቤቴ መስክ ወጥቷል። ምን ላድርግ?

ሲስተር ከአጥንት ክፍል (ማታ 2:52)
እህቴ፣ አሁኑኑ ልጁ ጋ ሂጂና ይህን እዪልኝ። የአንዱን ጣት ጥፍር ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ነጣ ይላል፤ በ2 ሰከንድ ገደማ ቅላቱ መመለስ አለበት። የደህና እጁንም እንዲሁ አድርገሽ አወዳድሪ። ጣቶቹን ራሱ ያንቀሳቅስ። ከዚያ አንቺ ቀስ ብለሽ ዘርጊለት። ስትዘረጊ ክንዱ ውስጥ አሞት ከጮኸ ሌላ ምልክት አትጠብቂ። ጥፍሩ ቀይ ቢሆንም እንኳ አትዘናጊ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታለለው።

የናቲ እናት (ማታ 3:01)
ጥፍሩ ቀይ ነው። ጣቱን ስዘረጋው ግን በጣም ጮኸ። ትንሿ ጣቱን ስነካት «አይሰማኝም» አለኝ።

ሲስተር ከአጥንት ክፍል (ማታ 3:04)
በይ ተነሺ። ጠዋት ሳይሆን አሁን። ጀሶውን ያሰሩለት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ሩቅ ከሆነ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ቅርብ ሆስፒታል። መኪና ካጣሽ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውዪ። ምግብም መጠጥም አትስጪው፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። እጁን በደረቱ ትክክል ያዢለት። ቤት ውስጥ በቢላ እንዳትነካኩት። ስትደርሺ ወረፋ ላይ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። «ጀሶ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ብሷል፣ ጣቱ ሲዘረጋ ይጮኻል፣ ደንዝዟል» በያቸው። ይህን የሰማ ባለሙያ ወዲያው ይነሳል።

መንገድ ላይ ለአማትሽ ይህን አንብቢላቸው። እማማ፣ ጀሶው እንዳስጨነቀው በትክክል አይተዋል። አዲስ ስብራት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ያብጣል፤ ጀሶው ግን አብሮ አይሰፋም። ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቅተዋል። ጡንቻ ደም ካጣ 6 ሰዓት ገደማ ሲሆነው መሞት ይጀምራል። መፍትሔው ጀሶውን መሰንጠቅ ነው፤ ግፊቱ በዚያ ካልቀነሰ ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ። ያበጠን ክንድ አሽቶ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ግን ያንኑ ጭንቀት ማባስ ነው። በአገራችን ልጆች እጅና እግራቸውን ከሚያጡባቸው ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያለው እስራት ነው። ጣቱ ጠቁሮ የመጣ ልጅ ተቀብያለሁ። እባክዎን ናቲ ከነዚያ ልጆች አንዱ አይሁን።

የመንዝ ልጅ (ማታ 4:15)
አባቴ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። ወለምታ ያሻሉ፣ አጥንት መሰበሩን ካወቁ ግን አይነኩም ነበር። «ይሄ የሐኪም ነው» ብለው ራሳቸው በቅሎ ጭነው ይልኩ ነበር። እማማ ወጌሻውን ስለሚያከብሩ ይህን ይንገሯቸው፤ ዐዋቂ ወጌሻ ድንበሩን ያውቃል።

የናቲ እናት (ጠዋት 1:20)
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እንደደረስን ጀሶውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት፤ ከሥር ያለውን ጥጥና ፋሻም ቀደዱት። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ለቅሶውን ተወና እንቅልፍ ወሰደው። ሌሊቱን በየሰዓቱ እየመጡ ጣቱን ሲያዩት አደሩ። አሁን ትንሿ ጣቱን ስነካት ይሰማዋል። ለዛሬ ተኝቶ ይታይ ብለዋል። አማቴ አጠገቡ ቁጭ እንዳሉ ነጋ። ቤት ስንገባ ምን እናድርግ ይላሉ።

ሲስተር ከአጥንት ክፍል (ጠዋት 1:45)
ተመስገን! እንዴት ደስ እንዳለኝ። እማማን ሳሚልኝ።

ቤት ስትገቡ ሲተኛ እጁ ከደረቱ ከፍ ብሎ ትራስ ላይ ይሁን፤ እብጠቱን ይቀንሳል። ጣቶቹን ቀኑን ሙሉ ያንቀሳቅስ። ሲበላው እርሳስ ወይ ሹራብ መሥሪያ ወደ ውስጥ እንዳይከት፤ ቆዳው ቆስሎ ሳይታይ ሊመረቅዝ ይችላል። ሲታጠብ በፌስታል ሸፍኑለት። ከጀሶው መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ ካተኮሰው ወይም ያ ሕመም ከተመለሰ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጂው።

ቀጠሮውን ደግሞ «ደህና ሆኗል» ብለሽ እንዳትቀሪ። እብጠቱ ሲቀንስ ጀሶው ይላላል፤ ያኔ አጥንቱ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። እሱን የሚያሳየው ራጅ ነው። ጀሶው ሲፈታ ክንዱ ቀጥኖና ደርቆ ስታዩት አትደንግጡ። እማማም እንዳያሹት። እየተጫወተ ራሱ ያፍታታዋል።