«ፋስት» ጾም ነው ወይስ ፈጣን? ሰሌዳዬ ላይ ምን ልጻፍ?

ጠያቂ፦ ደብረ ብርሃን እርጥብና በርገር እሸጣለሁ። ሰሌዳዬ «ፋስት ፉድ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ባለፈው ረቡዕ ከመንዝ ለሕክምና የመጡ አንድ አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር ገቡ። ልጁ «ፋስት ማለት ጾም ነው፣ ተምረነዋል» አላቸው። አስተናጋጇንም «ፋስት ነው አይደል?» ሲላት «አዎ» አለችው። እርጥቡ ማዮኔዝ ነበረበት፤ ማዮኔዝ ደግሞ እንቁላል ነው። እኔ ስደርስ ግማሹን በልተዋል። ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ የተረፈውን በወረቀቱ ጠቅልለው አስቀመጡና «እግዜር ይቅር ይበለን» ብለው ወጡ። እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው?

መምህሩ፦ እህቴ፣ ልጁ አልዋሸም። ሁለቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ጽኑ» ማለት ነበር። ራስን አጽንቶ መያዝ ጾም ተባለ፤ በብርታት መሮጥ ደግሞ ፍጥነት። በምግቡ ስም ውስጥ ያለው ግን ፍጥነቱ ነው፤ እሱም የአቀራረቡ እንጂ የአበላሉ አይደለም። በ1948 እ.ኤ.አ. የማክዶናልድ ወንድማማቾች ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን በርናርዲኖ ላይ፣ የምግብ ዝርዝራቸውን አሳጥረው፣ ሥራውን ለየሠራተኛው ከፋፍለው፣ በርገሩን በ15 የአሜሪካ ሳንቲም በመስኮት ያቀብሉ ጀመር። አንቺም የእርጥቡን ድንች ቀድመሽ ጠብሰሽ ደንበኛ የምትጠብቂ ከሆነ ሥራሽ ያው ነው።

የደሴ መንገድ ሹፌር፦ እንዲያ ከሆነ የእኛ በሶ ምን ሊባል ነው? ጣርማበርን ሳልወርድ በውኃ በጥብጬ እጠጣና እቀጥላለሁ። ደብረ ሲና ደግሞ ቆሎው በመስኮት ይመጣል። ለጾምም ይሆናል።

የመንዝ ልጅ፦ ወንድሜ፣ በሶ የሚፈጥነው ለአንተ ነው። ገብሱን ሸክሽካ፣ ቆልታ፣ አስፈጭታ በስልቻ የምታስይዝህን እናት ጠይቃት። በሶ ስንቅ ነው፤ ስሙ ይበቃዋል።
ለጠያቂዋ፦ «ፈጣን ምግብ» ጋዜጣ ላይ እንጂ ገበያ ላይ አልሰማሁትም። «ፋስት ፉድ» የሚለውን ተይው፣ ወጣቱ በእሱ ነው የሚያውቅሽ። ከሥሩ ግን «የጾም» እና «የፍስክ» ብለሽ በትልቁ ለይተሽ ጻፊ። እነዚህ ማንንም አያሳስቱም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሠዓሊው ቅዳሜ ይመጣል። ለጾሙ እርጥብ ቢላውንም ማንኪያውንም ለብቻ አድርጌያለሁ፤ ለልጅቷም «ፋስት ነው?» ካሏት «የጾም ማለትዎ ነው?» ብላ መልሳ እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ።