ለዲትሮይት ላየንስ የ2024 ቀዳሚ ሯጭ ማን ይሁን?

ጥያቄ (ከ2024 የውድድር ዘመን በፊት የቀረበ)፦ ውድ የአሜሪካ እግር ኳስ ተከታታዮች፣ በ2023 የውድድር ዘመን የዲትሮይት ላየንስ ቡድን ሯጭ (ኳሱን ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች) ዴቪድ ሞንትጎመሪ 1,015 ያርድ (አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል) ሮጦ 13 ታችዳውን (ኳሱን ከግቡ መስመር በማሳለፍ የሚገኝ ውጤት) ሲያስቆጥር፣ በዚያው ዓመት በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) 12ኛ ሆኖ የተመረጠው የቡድን ጓደኛው ጃሚር ጊብስ 945 ያርድና 10 ታችዳውን አስመዝግቧል። ታዲያ በ2024 የውድድር ዘመን ጨዋታ መጀመር ያለበት ማን ነው ትላላችሁ?

መልስ፦ ያለ ጥርጥር ጊብስ ነው። ሞንትጎመሪ ኳሱን 219 ጊዜ ተሸክሞ ያገኘውን ያርድ፣ ጊብስ በ182 ጊዜ ብቻ ሊደርስበት ጥቂት ነው የቀረው፤ በዚያ ላይ 52 ኳሶችን ተቀብሏል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያቀረቡት ቁጥር ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ለግቡ መስመር ሁለት ያርድ ሲቀር፣ ተከላካዮቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እንደ ግንብ በሚቆሙበት ሰዓት፣ ፍጥነት መውጫ ስለማያገኝ ዝቅ ብሎ ገፍቶ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሞንትጎመሪ ነው።

መልስ፦ አሰልጣኝ ዳን ካምፕቤል ሁለቱን እያፈራረቁ ስለሚያጫውቱ፣ የመጀመሪያውን ኳስ ማን ያዘ የሚለው ለእኔ ብዙም አያከራክርም። የሚያሳስበኝ በሦስተኛው ሙከራ (ቡድኑ ኳሱን አሥር ያርድ ለመግፋት ካሉት አራት ዕድሎች በሦስተኛው) ላይ ወደ ኳስ ወርዋሪው (ኳርተርባክ) ጃሬድ ጎፍ ሰብሮ የሚመጣውን ተከላካይ የሚያግደው ማን እንደሆነ ነው፤ በዚህ ረገድ ልምድ ያለውን ሞንትጎመሪን እመርጣለሁ።